ከድሬዳዋ ወደ ሐረና ደን፦ ሁሉን ያካተተ የሎጅ ቆይታ

የከዚራ ነዋሪ፦
በጥር ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ደን ውስጥ ባለ ሎጅ አራት ሌሊት ለማደር አስበናል። ክፍያው ሁሉን ያካተተ ነው ቢባልም ምን ምን ለይቼ መጠየቅ ይኖርብኛል? እናቴ የድሬዳዋን ሙቀት የለመዱ ስለሆኑ ብርዱም ያሳስበኛል።

የሐረሯ ተጓዥ፦
የፓርኩ መግቢያ፣ አስጎብኚውና ከአዲስ አበባ የሚወስዳችሁ መኪና በክፍያው ውስጥ መኖራቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ እኛ የመኪናውን ሂሳብ የሰማነው እዚያው ደርሰን ነበር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከጎባ ወደ ሐረና የሚወስደው መንገድ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴ አምባ ስለሚያቋርጥ፣ ጎባ አንድ ሌሊት አድራችሁ ብትሻገሩ ለእናትዎ ይበጃል። ጥር ደረቅ ወር ቢሆንም የሳነቴ ሌሊት ውርጭ አለው፤ ጋቢ ብቻ አይበቃም።

ጡረተኛው መምህር፦
በዚህ ላይ የእናትዎን መድኃኒት ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ አድርገው ይያዙ፣ ጥሬ ብርም ከጎባ ሳትወጡ አውጡ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ አምባውን በጠዋት ተሻገሩ፤ ደኑ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ እሱን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የከዚራ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎባ እናድራለን፤ የመኪናውንም ጉዳይ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።