ሕንፃ ለመግዛት ላሰባችሁት ስምንት ቤተሰቦች

ሰላም ለሁላችሁ። ለጸሎት ቤት ብድር ልትገቡ ያሰባችሁት ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። አምና ኢንተርስቴት 80 የሚባለው የአሜሪካ አውራ ጎዳና በነፋስና በበረዶ ተዘግቶ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ሮውሊንስ የምትባል ከተማ አደርኩ። ሕዝቧ ወደ 8 ሺህ ነው። ጋቢና ውስጥ መቀመጡ ሲሰለቸኝ በእግሬ ወደ መሀል ከተማ ወጣሁ። ነፋሱ ኮፍያዬን ነጠቀኝ፤ እሱን ሳባርር ፍራንስ ሜሞሪያል የሚባለው የፕሬስቢቴሪያን (ከፕሮቴስታንት ወገን ነው) ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረስኩ። (ፍራንስ የሰው ስም ነው እንጂ ፈረንሳይ አይደለም።) በሩ ተቆልፏል። ኮፍያዬም ቀረ። ማታ ተጋድሜ ታሪኩን ሳነብ አመሸሁ።

ሮውሊንስን የወለዳት ባቡር ነው፣ ልክ እንደ ድሬዳዋ። የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ በ1868 ደረሰ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዓመቱ ሼልደን ጃክሰን የሚባል አጭር ሰባኪ ሐዲዱን እየተከተለ በየከተማው ምእመናን ሲያደራጅ እዚህም አደራጀ። ኋላ ከሳይቤሪያ ወደ አላስካ አጋዘን ያስመጣው ይኸው ሰው ነው፤ ጉልበቱን ገምቱት።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጉባኤው የተቋቋመው በ1869፣ ሕንፃው የተሠራው በ1882። አሥራ ሦስት ዓመት! የባቡር ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ጣቢያ። ፕሬስቢቴሪያኖች ደግሞ የሚመሩት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ነው፤ ሽማግሌው ከተዛወረ ሌላ መፈለግ ነው። እናንተስ? ከስምንታችሁ ሁለቱ ለሥራ ዳላስ ቢሄዱ ወርሃዊውን ማን ይከፍላል? ለጊዜው እሁድ ከሰዓት አዳራሽ የሚያከራይ ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ። የማሞቂያውንና የኢንሹራንሱን ነገር ግን በጽሑፍ አድርጉት።

*መልስ፦*

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔ የደምቢ ዶሎ ልጅ ነኝ፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን መነሻው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ነው። ሚስዮናዊው ሐኪም ዶክተር ላምቢ ከኅዳር በሽታ በኋላ በ1919 ከሱዳን ተነሥቶ ሳዮ (የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) ገባ፤ ከዚያ የበቀለችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። እዚህ ያሉትን ፕሬስቢቴሪያኖች አዳራሽ ስንጠይቅ ይህንን ነግረናቸው ደስ ብሏቸው ሰጡን። ኩሽናው ላይ ብቻ አልተስማማንም። ዶሮ ወጥ በሠራን ማግስት ደውለው፣ ሽታው እስከ ረቡዕ አልለቀቀም አሉን። አሁን ከቤት ሠርተን ነው የምንመጣው።