ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኢንሱሊን ፓምፕ የምታውቁ፣ እባካችሁ
ሰላም ወገኖች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ዓይነት 1 ስኳር ላለባት ልጄ አክስቷ ከውጭ ክንድ ላይ የሚለጠፍ የኢንሱሊን ፓምፕ ላከችላት። እሰይ ብለን ነበር! መመሪያው አንዱ እስከ 3 ቀን ይቆያል ይላል፤ የኛን ሙቀት ግን አልቻለውም። ላብ ሲነካው ጠርዙ ይላቀቃል፣ ከቆዳዋ ስር የገባችው ቀጭን ቱቦ ትወጣና ኢንሱሊኑ እጅጌዋን ያርሰዋል። ስኳሯ ሽቅብ! የሚሞላበት ፈጣኑ፣ ማለትም ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቀው ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ስብ አቃጥሎ የሚፈጥረው፣ ሲበዛ ደምን የሚመርዝ አሲድ) እንዳይነሳባት እሰጋለሁ። ለጊዜው በመርፌ እንተካለን።

ላብ የሚችል፣ ከላዩ የሚደረብ ፕላስተር ደሴ ወይም ወልድያ ያገኘ አለ? ሆዷ ላይ ቢለጠፍስ ይሻል ይሆን? ሐኪሟ እንዲህ ያለ መሣሪያ ገጥሞት አያውቅም፤ አልፈርድበትም። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።