ውሻ ይዘን ባሌ ተራሮች አጠገብ ድንኳን መትከል እንችላለን?

ጥያቄ (ከታቦር ሥር፣ ሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሁለት ልጆቻችንና ቦቢ የሚባል የአራት ዓመት ውሻ ነን። ልጆቹ ያለ እርሱ ከቤት መውጣት አይሆንላቸውም። ባለፈው ፋሲካ አንድ ሐይቅ ዳር ለማደር ሄደን ነበር። በስልክ «ውሻ ይቻላል» ያሉን ሰዎች በር ላይ ስንደርስ «አይቻልም» ብለው መለሱን። ቦታው ራሱ በሰው ተጨናንቆ የአንዱ ድንኳን ገመድ በሌላው ላይ ተጠላልፎ ነበር። ሌላ ማረፊያ ስንፈልግ መሸብንና ከነውሻችን መኪና ውስጥ ተጣጥፈን አደርን። አሁን ለመስቀል ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ አስበናል። ውሻ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ሰምቻለሁ። ከበሩ ውጪ፣ ዲንሾ ከተማ ዳር ድንኳን ተክለን፣ አንዳችን ቦቢን እየጠበቅን ሌሎቻችን ብንገባ ምን ችግር አለው?

መልስ (ዲንሾ ያደግሁ)፦
እህቴ፣ ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፋችሁት ሳስበው አዘንኩ። ነገር ግን እባክሽ ቦቢን ወደ እኛ አገር አታምጪው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በሕይወት ያሉት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። ትልቁ ጠላታቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ሲገባ፣ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ፍልፈልና አይጥ ለማደን ለየብቻ ይሰማሩ እንጂ ኑሯቸው በመንጋ ነው፤ ጠዋትና ማታ ተሰብስበው አፍ ለአፍ እየተሻሹ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ ሁሉ ያልቃል። የፓርኩን በር የምናውቀው ደግሞ እኛ ነን፤ ቀበሮ አያውቀውም።

መልስ (ለመንገድ የማይሰለች)፦
እኔ ብሆን ውሻውን መኪና ውስጥ ትቼ፣ መስኮት ትንሽ ከፍቼ እገባ ነበር። ብርድ አገር ስለሆነ አይጎዳውም።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
ይህን ምክር አይቀበሉ። ደጋ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ብርቱ ነው። የተዘጋ መኪና ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል፤ ትንሽ የተከፈተ መስኮትም አያድነውም። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ በማለክለክ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው።

ጥያቄ (ከታቦር ሥር)፦
አመሰግናለሁ። ግን ቦቢ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል፤ ካርዱም በእጄ አለ። የተከተበ ውሻ ምን ያመጣል?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
መከተቡ እጅግ ጥሩ ነው፤ በየዓመቱ ያሳድሱለት። ነገር ግን ያ ክትባት የሚከላከለው አንድ በሽታ ብቻ ነው። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሾች በሽታም የባሌን ቀበሮዎች ገድሏል፤ ክትባቱም ለብቻው ነው። ቦቢ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ከመንደር ውሾች ጋር ሲነካከስ በሽታ ተቀብሎ ወደ ልጆችዎ ሊመለስ ይችላል። ሌሊት ደግሞ የጅብ ነገር አለ፤ ውጪ የታሰረ ውሻ መሸሻ የለውም። በየትኛውም ቦታ ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ነገ ይደርሳል ማለት አይገባም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

መልስ (አሞራ ገደል ሰፈር)፦
እኛም ውሻ አለን። ሁለቱን ጉዞ መለየት ነው የሚሻለው። ባሌ ስንሄድ ውሻችንን የሚያውቀው ጎረቤት በገዛ ግቢያችን ይመግበዋል፤ እኛም ጎረቤታችን ሲሄድ የእርሱን እንጠብቃለን። አንድ ቀን አስቀድመን እኛው ባለንበት ጎረቤታችን እንዲያበላው እናደርጋለን፤ ይህ ካልተደረገ ውሻው ምግብ እምቢ ይላል። ከውሻው ጋር ማደር ስንፈልግ በበዓል ፈጽሞ አንወጣም። ተራ ሳምንት መርጠን፣ አጥር ያለው የግል ግቢ እናፈላልጋለን፤ ባለቤቱ መፍቀዱን በጽሑፍ መልእክት እንዲልክልን እንጠይቃለን። «ይቻላል» ያለው ሰው ሌላ፣ በር ላይ የሚቆመው ሌላ ስለሆነ መልእክቱን ማሳየት ክርክሩን ያሳጥረዋል። ሌሊት ውሻው ከእኛ ጋር ድንኳን ውስጥ ነው የሚተኛው። ጠዋት ጆሮውንና የጣቶቹን መሃል ለመዥገር እንፈትሻለን። ወንዶ ገነትን ግን ከውሻ ጋር አትሞክሩት፤ ጉሬዛና ጦጣ ሲያይ ገመዱን በጥሶ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከታቦር ሥር)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ቀበሮዎቹ ሰላምታ የተጻፈውን ለልጆቹ አነበብኩላቸው፤ ትልቋ «እንግዲያው ቦቢ ይቅር» አለች። ለመስቀል ቦቢ ከእናቴ ዘንድ ይቆያል። ዛሬ ስለ ዲስቴምፐር ክትባት ልጠይቅ እሄዳለሁ። የግል ግቢ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ለኅዳር አንድ ሌሊት እንፈልጋለን።