ሱዊድ ጃኬቴ ላይ የዶሮ ወጥ ፈሰሰብኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ ስለ ቆዳ የምታውቁ ካላችሁ ድረሱልኝ። ቡናማ የሱዊድ ጃኬት አለኝ፤ ያ የቆዳው የሥጋ ወገን ተፍቆ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ዓይነት። የታላቅ ወንድሜ ነው፣ ለጊዜው አልሰማም።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከታክሲ ወርጄ ኮንዶሚኒየሙ እስክደርስ እጅጌው ላይ ጭቃ ተረጨብኝ። እሱስ ግድ የለም፤ እስኪደርቅ ትቼው በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ስቦርሸው አብዛኛው ረገፈ። ያስጨነቀኝ የእንቁጣጣሽ ዕለት ደረቱ ላይ የተንጠባጠበው ወጥ ነው፤ ቅቤውም በርበሬውም። እኔ ሞኙ ደንግጬ በእርጥብ ሶፍት ፈተግኩት! አሁን መዳፍ የሚያክል ቦታ ጠቁሮ ደርቋል፣ ጸጉሩም ተኝቷል።

ጎረቤቴ እትዬ «በነጭ ጋዝ እሸው» አሉኝ፤ ሽታውንም እሳቱንም ፈራሁ። ላውንደሪ ብወስደው «ቀለሙ ቢለቅ ኃላፊነት አንወስድም» ብለው መለሱኝ። ታልከም ፓውደር ነስንሼ አሳደርኩት። ጠዋት ሳራግፈው ቅባቱን ትንሽ መጥጦታል፣ የበርበሬው ቅላት ግን ንቅንቅ አላለም።

ፓውደሩን ልደጋግመው ወይስ ነጭ ኮምጣጤ በንጹህ ጨርቅ ነካ ነካ ላድርግበት? ኮምጣጤውን መጀመሪያ ብብቱ ሥር ልሞክረው አስቤያለሁ። የተኛውን ጸጉርስ የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ያነሳዋል ወይስ ጭራሽ ያበላሸዋል? መርካቶ ውስጥ የሱዊድ ብሩሽ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅም ይጠቁመኝ። ወንድሜ ለጥቅምት ሰርግ ሊለብሰው ነው።