የበቀለ ስንዴ ዳቦ መሃሉ ሊጥ ሊጥ የሚለው ለምንድን ነው?

እንጎቻ (ጎንደር፣ ማራኪ)

ሰላም ለቤቱ። እባካችሁ እህታችሁን አስረዱኝ። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ የስንዴ ብቅል ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ፣ ምንም ፉርኖ ሳይገባበት ድፎ ዳቦ ተጋገረ። ልኩ 2 ኪሎ ዱቄት፣ 1.3 ሊትር ውኃ፣ 40 ግራም ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ የሱቅ ደረቅ እርሾ ነው። ሊጡ ሲቦካ ደህና ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ቀጥኖ ኮባው ላይ ተንጣለለ። ሲበስል ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ ቅርፊቱም ቶሎ ጠቆረ። መሃሉ ግን ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ቢላዋ ላይ ይለጠፋል፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ አይነሳም። 40 ደቂቃ እሳት ተጨምሮለትም ለውጥ የለም። ጥፋቱ ከዱቄቱ ነው ወይስ ከአጋገሩ? ደግሞስ ለስኳር ሕመምና ለደም ማነስ ይጠቅማል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

ወገሬው

እህቴ፣ ጥፋቱ ከዱቄቱ ነው። ለጠላ የተዘጋጀ ብቅል ብቻውን ዳቦ አይሆንም። ጠላ ጠማቂ የምትፈልገው ስታርቹ (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ወደ ስኳር እንዲለወጥላት ስለሆነ፣ እህሉ ሥሩ ረዝሞ እርስ በርሱ እስኪቆላለፍ ድረስ ትተወዋለች። እዚያ ሲደርስ አሚሌዝ የተባለው ስታርች አሟሚ ኢንዛይም በብዛት ተፈጥሯል፤ ፕሮቲን የሚቆራርጡትም አብረውት ተነስተዋል። ሊጡን በሁለት ሰዓት ያቀጠኑት እነዚህ ናቸው።

እሳት ላይ ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። የስንዴ ስታርች 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ አሚሌዝ ግን እስከ 75 እና 80 ዲግሪ ድረስ ሥራውን አያቆምም። ሊጡ በእነዚህ ሁለት ሙቀቶች መካከል በቆየ ቁጥር ኢንዛይሙ ያበጠውን ስታርች ያሟሟዋል። ከ3 ኪሎ በላይ የሆነ ድፎ መሃሉ ይህን ለማለፍ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ 600 ግራም ዳቦ ግን ቶሎ ያልፈዋል። አንዴ ከሟሟ በኋላ 40 ደቂቃ ቀርቶ 2 ሰዓት ቢጨመርለትም ቅርፊቱ ይከስላል እንጂ መሃሉ አይድንም። አጨዳ ላይ ዝናብ መትቶት ዛላው ላይ የበቀለ ስንዴም ዳቦው እንደዚሁ ነው። የዱቄት ፋብሪካዎች ፎሊንግ ነምበር በሚባል ልኬት የሚለዩት ይህንኑ ነው፤ በሞቀ የዱቄትና የውኃ ብጥብጥ ውስጥ ዘንግ ለመስመጥ የሚፈጅበትን ሰከንድ ይቆጥራሉ፣ ስታርቹ ከሟሟ ቶሎ ይሰምጣል። ለዳቦ ብዙ ጊዜ ከ250 ሰከንድ በላይ ይፈለጋል፣ የበቀለ እህል ከዚያ በብዙ ይወርዳል።

ስለዚህ ቤት አብቅለሽ ቀድመሽ ማቆም ነው። 1 ኪሎ የዳቦ ስንዴ ልቀሚ፤ ስባሪውን አውጪው፣ እሱ ይኮመጥጣል እንጂ አይበቅልም። ሁለት ሦስቴ አጥበሽ በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፊው፣ በመካከል ውኃውን አንድ ጊዜ ቀይሪ። አጠንፍፈሽ ወንፊት ወይም ሰፊ ማጥለያ ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርጊውና እርጥብ አቡጀዲ አልብሺው። ከዚያ በላይ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን ይሞቅና መሽተት ይጀምራል። በየ6 ወይም 8 ሰዓቱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂ፣ አገላብጪ፣ አጠንፍፊ። ክፍሉ 20 እና 22 ዲግሪ ላይ ካለ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ከፍሬው ጫፍ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል። ሥሩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን አቁሚ። ከፍሬው ርዝመት ካለፈ ለጠላ ይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እስከ 36 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሰዓቱን ትተሽ ሥሩን እዪ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በበቀለ ዱቄት አትነሺ። 300 ግራም ፉርኖ፣ 200 ግራም የበቀለ ስንዴ ዱቄት፣ 320 ግራም ውኃ፣ 120 ግራም ወፈር ያለ የቤት እርሾ፣ 10 ግራም ጨው። ከውኃው 30 ግራሙን አስቀሪና ሊጡን አይተሽ ጨምሪ። 8 ደቂቃ ማሸት ይበቃዋል። እጥፍ እስኪሆን አትጠብቂ፣ በግማሽ ያህል ኩፍ ሲል ቅርጽ አስይዘሽ፣ 40 ደቂቃ ያህል አሳርፈሽ አስገቢው። ምድጃው አስቀድሞ 210 ዲግሪ ይሙቅ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 190 አውርጂና ሌላ 30 ደቂቃ ያህል ስጪው። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይቀላል፤ ቀላ ተብሎ አይወጣም።

ዳቦ ቆሎ

የገዛሽውን ብቅል አትጣዪው። ለ500 ግራም ፉርኖ 5 ግራም ብቻ ብትጨምሪበት ዳቦው ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ቅርፊቱም ያምራል። ከዚያ ካበዛሽው ያው ሊጥ ሊጥ ነው።

የአዘዞዋ

ወገሬው ስለ ማብቀሉ የጻፈው ልክ ነው፣ ማድረቁን ግን ዘለለው። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚያ ነው። በደንብ ያልደረቀ በቆልት ወፍጮ ቤት ከሄደ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄቱም በሳምንት ይሻግታል። ለማወቅ ሚዛን ይበቃል፦ ከመዘፍዘፉ በፊት 1 ኪሎ የነበረው ስንዴ ደርቆ ከ1 ኪሎ ትንሽ ማነስ አለበት። 1 ኪሎ ከ50 ግራም ከመዘነ ገና ነው። ሚዛን ከሌለ በጥርስ ይሰበር፤ ቀጭ ብሎ ለሁለት ካልተከፈለና ከተጨፈለቀ ውስጡ እርጥበት አለው።

በበጋ ሰፌድ ወይም ንጹሕ ሸራ ላይ በአንድ ፍሬ ውፍረት አስጥቶ፣ ከአቧራና ከዝንብ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በየሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ማታ ወደ ቤት ይግባ፣ ጤዛ ካገኘው ማብቀሉን ይቀጥላል። ምጣድ ላይ ማድረቅ የሚሉ አሉ፤ አይሆንም። እርጥብ እህል ከ50 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን) ይጎዳል፤ ከታመሰማ ለበሶ እንጂ ለዳቦ አይሆንም። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከስንዴ ቀጥሎ እንዲፈጩልሽ ንገሪያቸው። ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ቀጥሎ ከገባ ያስታውቃል። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ አቀዝቅዘሽ ክደኚው፤ ሙሉ እህል ቅባቱ ስለሚበላሽ በአንድ ወር ውስጥ ብትጨርሺው ይሻላል።

አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ለዚህ ዳቦ የሱቅ እርሾ ብቻውን አይመረጥም። የቤት እርሾ የሚፈጥረው ኮምጣጣነት አሚሌዙን ያዳክመዋል፤ ጨውም ሊጡን ይይዘዋል፣ ስለዚህ ጨው አትቀንሺ። በሌላ በኩል እርሾ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ለኢንዛይሙ ጊዜ መስጠት ነው። እርሾው ጠንከርና በዛ ይበል፣ ጊዜው ይጠር።

ለበዓል ትልቅ ድፎ የግድ ከሆነ ደግሞ የበቀለው ዱቄት ከጠቅላላው 20 ከመቶ አይለፍ፤ ውፍረቱም ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የላይኛው እሳት ከታችኛው እኩል ይግባበት። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ግማሽ የበሰለ ድፎ ምጣድ ላይ ማቆየት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ያለውን ጊዜ ያራዝመዋል። ከሰል ቢዘጋጅ ጥሩ ነው።

ቴርሞሜትር ላላቸው፦ የፈረንጅ መጻሕፍት የዳቦው መሃል 96 ወይም 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላሉ። ጎንደር 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። መሃሉ 91 ወይም 92 ከደረሰ በስሏል፤ 96 እስኪሞላ የሚጠብቅ ያደርቀዋል። ከወጣ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይቆረጥ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን የቆረጠ ሰው የማንኛውንም ሙሉ ስንዴ ዳቦ መሃል ሊጥ ነው ሊለው ይችላል።

ጤና ይቅደም

ስለ ጤናው የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። ስንዴና ሌሎች እህሎች ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቲክ አሲድ አላቸው። እህል ሲዘፈዘፍና ሲበቅል ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ይነሳና ይህን አሲድ ይሰብራል፤ በእርሾ ማቡካት ደግሞ የበለጠ ያወርደዋል። ስለዚህ ብረቱ የመመጠጥ ዕድሉ ይጨምራል። ፎሌትና አንዳንድ ቫይታሚኖችም ይጨምራሉ፣ ምንም እንኳ እሳት ከፊሉን ቢቀንሰውም። በአንድ ቀን ማብቀል የሚገኘው ለውጥ ግን መጠነኛ ነው፤ ደም ማነስን ዳቦ አያክመውም፣ ምርመራና የታዘዘ መድኃኒት ነው የሚያክመው። ዳቦውን ለብረቱ ብለሽ የምትበዪ ከሆነ ከቡናና ከሻይ ጋር አታድርጊው፤ ሁለቱም ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ዳቦ ከቡና ጋር ካልሆነ ለሚል ሰው ይህ ከባድ ምክር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢያንስ ቡናው በአንድ ሰዓት ይዘግይ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ሰላጣ አብሮ ቢቀርብ ደግሞ ያግዛል።

ስኳር ሕመም ላይ ብዙ ይጋነናል። እህሉ ከነፉርሽካው ስለሚፈጭ አሰር አለው፣ ከነጭ ፉርኖ ዳቦ ይሻላል። ነገር ግን ዳቦ ነው፤ ጣፋጭ የሚያደርገውም ስታርቹ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር መለወጡ ነው። ብቅል ብዙ የገባበት ዳቦ "የጤና ዳቦ" ተብሎ እንደ ልብ አይበላም። በልኩ፣ ከሽሮ ወይም ከአትክልት ጋር፣ ከበሉ በኋላም ስኳርን ለክቶ ማየት ነው።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ጨርሶ አይንካው። ማብቀል ግሉተኑን ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለዘር ተብሎ የሚሸጥ ስንዴ ብዙ ጊዜ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ቀለም የተቀባ የሚመስል ቀይ ወይም ሮዝ ስንዴ ታጥቦም አይበላም። ከነቀዝ ለመጠበቅ ኪኒን የተደረገበት ጎተራ እህልም ሳይናፈስ አይገዛ። ሁለተኛ፣ እርጥበትና ሙቀት ለባክቴሪያም ይመቻል። በቆልቱን ጥሬውን አትቅመሺ፤ እሳት ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሻጋታ ግን ሌላ ነው፦ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የታየበትን ሁሉ መጣል ነው፣ መርዙን የዳቦ እሳት አያጠፋውምና። የሥሩ ዙሪያ ጥጥ መሰል ነጭ ፀጉር ከሆነና ሲለቀለቅ ከተኛ ጤነኛ ነው፤ ከእህል ወደ እህል የተዘረጋ ድር ከሆነ ሻጋታ ነው።

እንጎቻ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ዓይኔን አበራችሁልኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ልጨምር። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በማይገኝበት ጊዜ ማድረቁ እንዴት ይሆናል? ሌላው፣ በሕዝቅኤል 4፥9 እንዳለው ከባቄላና ከምስር ጋር ቀላቅሎ መጋገር ይቻላል?

የአዘዞዋ

ክረምት ላይ አታድርቂው፣ እርጥቡን ፍጪው። ሥሩ ብቅ እንዳለ በደንብ አጠንፍፈሽ በስጋ መፍጫ ሁለት ጊዜ አሳልፊው። ከዚህ 400 ግራም፣ ፉርኖ 300 ግራም፣ እርሾ 100 ግራም፣ ጨው 10 ግራም። ውኃው ከ100 እስከ 130 ግራም ይበቃዋል፣ እህሉ ራሱ ውኃ ይዟልና። ቁርጥራጩ የሚታይ፣ ሲታኘክ ደስ የሚል፣ ጣፈጥ ያለ ዳቦ ይወጣል። እርጥቡ በቆልት ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ወተትም እንቁላልም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል።

ወገሬው

ሕዝቅኤል የጠቀሰው እህሎቹን ነው፣ አብቅሉ አላለም፤ ማብቀሉን የጨመሩት በኋላ ዳቦውን የሚሸጡ ናቸው። ቢሆንም ቅልቅሉ ጥሩ ነው፤ ጥራጥሬው ስንዴ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ይሞላል። ልኩ ከዱቄቱ ጠቅላላ 10 ከመቶ፣ ቢበዛ 15 ነው። ከዚያ ካለፈ ዳቦው ይከብዳል፣ የጥሬ ባቄላ ሽታም ያመጣል። ምስርና ባቄላ እኩል አይበቅሉም፤ ምስር በአንድ ቀን ሲደርስ ባቄላ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ልጣጩም መውጣት አለበት። ስለዚህ ለየብቻ ይዘፍዘፉ። ገብስ ከሆነ ገለባ የሌለው ይመረጥ።

ቦሎቄ አይግባ፣ ዳቦ ውስጥ የሚያገኘው እሳት መርዙን በአስተማማኝ አያጠፋውም። ጓያም አይግባ። ደንቢያና ፎገራ ላይ ሰውን ሽባ ያደረገው እሱ ነው፤ ዘፍዝፎ ማብቀል ደኅና አያደርገውም። ገበያ ላይ የተከካ አተር ወይም ሽንብራ ብለው ጓያ ቀላቅለው የሚሸጡ ስለማይጠፉ ክኩን ትተሽ ሙሉውን ፍሬ ግዢ። ጓያ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው፣ አተር ክብ፣ ሽንብራ ደግሞ አፍንጫ አለው። ክክ ደግሞ ቢዘፈዘፍም አይበቅልልሽም።