የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ኤም ኦ ቲ (የመኪና ብቃት ምርመራ)፦ በ3 ዓመት ነው ወይስ በ4?

ጠያቂ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ያላችሁና የመኪና ነገር የምታውቁ እርዱኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ አዲስ ሆና የተመዘገበችው በሴፕቴምበር 15 ነው፣ ዘንድሮ 3 ዓመት ትሞላለች። አንዳንዶች «የመጀመሪያው ምርመራ ወደ 4 ዓመት ተዛውሯል፣ አትቸኩል» ይሉኛል። ቤልፋስት፣ ሰሜን አየርላንድ ያለ ዘመዴም እነሱ ጋ 4 እንደሆነ ነግሮኛል። እውነቱ የቱ ነው? በ3 ዓመት ከሆነስ ከመውሰዴ በፊት ምን ምኑን ልይ?

መልስ 1፦ የሰፈር ጋራዥ

ወንድሜ፣ አልተዛወረም፣ 3 ዓመት ነው። ዘመድህም አልተሳሳተም፤ ሰሜን አየርላንድ የራሱ ሕግ ስላለው እዚያ የግል መኪና መጀመሪያ የሚመረመረው 4 ዓመት ሲሞላው ነው፣ ያውም በመንግሥት ጣቢያ እንጂ በሰፈር ጋራዥ አይደለም። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ግን 3 ናቸው።

ወሬው የመጣው በጃንዋሪ 2023 ነው። መንግሥት 4 ዓመት ቢሆን ባለመኪኖች በዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ክፍያ ይቆጥባሉ ብሎ ሐሳቡን ለሕዝብ አቀረበ። ያኔ በየሚዲያው ተወራ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024፣ 3 ዓመቱ እንዲቀጥል ሲወሰን ግን ብዙ ሰው ጆሮ አልደረሰም። በ2017ም ይኸው ሐሳብ ቀርቦ በ2018 ተትቷል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሴፕቴምበር 15ን አትጠብቅ፤ ሦስት ሳምንት ሲቀር ውሰዳት። ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካስመረመርክ የሚቀጥለው ዓመት ቀንህ አይነካም። ሁለት ወር አስቀድመህ ከወሰድክ ግን የከርሞው ቀን ወዳስመረመርክበት ቀን ይሳባል፣ በከንቱ ጊዜ ታጣለህ። የክፍያው ጣሪያ ለመኪና 54.85 ፓውንድ ነው፤ ብዙ ጋራዥ ከዚያ በታች ይሠራል።

ብትወድቅና እዚያው ጋራዥ ትተሃት ቢጠግኗት፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የሚደረገው ከፊል ድጋሚ ምርመራ ነፃ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ውጤቱ ላይ «አደገኛ» የሚል ጉድለት ከተጻፈ «ቀኔ ገና ነው» ብለህ ልትነዳት አትችልም። እስኪጠገን እዚያው ትቆማለች።

መልስ 2፦ ጎሚስታው

የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነች የጭስ ምርመራ የለባትም። ትኩረትህን ጎማና ፍሬን ላይ አድርግ፤ የኤሌክትሪክ መኪና በሁለቱ በኩል ከሌላው የተለየ ጠባይ አላት።

ባትሪው ከባድ ነው፣ ሞተሩም ከቆመበት በኃይል ስለሚነሳ ጎማ ቶሎ ይበላል። የጎማው ጥርስ በመካከለኛው ሦስት አራተኛ ስፋት ላይ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። መለኪያ ከሌለህ የ20 ፔንስ ሳንቲም ጥርሱ መሃል አስገባ፤ የሳንቲሙ የዳር ክብ ከታየህ ጎማው አልቋል ማለት ይቻላል፣ በትክክል አስለካው። ከውጭ በኩል ብቻ አትይ። መሪውን እስከ ጥግ አዙረህ የውስጡን ጠርዝ እየው፤ የጎማው አቀማመጥ ከተዛባ በደንብ የሚበላው በዚያ በኩል ነው፣ ቆመህ ስታየው ግን አዲስ ይመስላል። ጎኑ ያበጠ ወይም ክሩ የታየ ጎማም ይጥላል።

ፍሬን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሚበዛውን ማቆም ሞተሩ ራሱ ስለሚሠራው ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ዲስኩ ግን ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፣ በተለይ የኋላው። የዛገ ዲስክ በግራና በቀኝ እኩል አይዝም። በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ ባለበት ዘንግ) ላይ ደካማው ጎማ የጠንካራውን 70 በመቶ ካልያዘ ትወድቃለች። የማቆም ኃይሉ ከመኪናዋ ክብደት አንጻር ተለክቶ የእግር ፍሬኑ በጠቅላላ 58 በመቶ፣ የእጅ ፍሬኑ 16 በመቶ ማምጣት አለባቸው። ስለዚህ ከምርመራው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት በሞተር የማቆሙን ደረጃ ዝቅ አድርግና፣ ከኋላህ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ከ40 ማይል ፍጥነት ጠንከር እያልክ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ያዝ። ስስ ዝገት ይጠረጋል። ጉድጓድ የሠራ ዝገት ከሆነ ግን ዲስኩ መቀየር አለበት።

የቀረው በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ነው። ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ የታርጋ መብራት ሁሉ ይብራ። የመስታወት ማጠቢያ ውኃ ሙላ፤ በባዶ ጋን የሚወድቀው መኪና ያሳዝናል። የፊት መስታወቱ ላይ ከመሪው ትይዩ ባለው 29 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠ ስንጥቅ ወይም ፍንካች፣ ዋይፐር በሚጠርገው ሌላው ክፍል ደግሞ ከ40 ሚሊ ሜትር የበለጠ አይፈቀድም። ዳሽቦርድ ላይ የኤ ቢ ኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ወይም የኤርባግ ምልክት በርቶ ከቀረ ይጥላል፤ የጎማ ንፋስ ምልክት የሚጥለው ግን የመቆጣጠሪያውን ብልሽት ሲያሳይ ነው፣ ንፋስ ብቻ ከጎደለ ሞልተህ ምልክቱን አጥፋ።

መልስ 3፦ ከማንችስተር

ሕጉ 3 መሆኑ ልክ ነው፤ 4 ቢሆን ግን ክፋቱ አይታየኝም። ፈረንሳይና ጣሊያን መጀመሪያ በ4 ዓመት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ነው የሚመረምሩት። እዚህም ቢሆን በ1960 ሲጀመር 10 ዓመት ለሞላው መኪና ነበር፣ በ1961 ወደ 7፣ በ1967 ወደ 3 ወረደ። የ1967 መኪና በሦስት ዓመቱ ይዝግ ነበር፤ የዛሬው አይዝግም።

መልስ 4፦ ጎሚስታው

ስለ ቦዲው ልክ ነህ። ጎማ ግን ዛሬም ጎማ ነው፣ የሚያልቀውም በማይል እንጂ በዕድሜ አይደለም። በዓመት 5,000 ማይል የምትሄድ መኪናና 25,000 የምትሄድ መኪና በሦስት ዓመታቸው አንዷ 15,000፣ ሌላዋ 75,000 ላይ ናቸው፤ ሕጉ ግን እኩል ያያቸዋል። የሚቀየር ነገር ካለ ማይልን መቁጠር ነው የነበረበት። በ3 ዓመት አካባቢ የብዙ መኪና ዋስትና ያልቃል፣ ሰውም ሰርቪስ ማስደረግ ይተዋል። አንድ ዓመት ቢጨመር ከሥር ገብቶ ጎማውን የሚያየው ማን ነው? ፖሊስ ካየው ደግሞ ለእያንዳንዱ ያለቀ ጎማ እስከ 2,500 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 3 የጥፋት ነጥብ ነው፤ ኤም ኦ ቲ ኖረህም አልኖረህም።

መልስ 5፦ ሚኒካብ ለንደን

ለንደን ሚኒካብ (በቀጠሮ የሚሠራ ታክሲ) ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ ይህ የ3 ዓመት ሕግ እናንተን አይመለከትም። ፈቃድ ያለው መኪና አንድ ዓመት ካለፈው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየ6 ወሩ ነው የሚመረመረው። «አዲስ ናት» ብላችሁ ያለ ምርመራ እንዳትሠሩባት።

ጠያቂ፦ አዲስ ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኦገስት መጨረሻ እይዛለሁ። ቀኑ ካለፈብኝስ እስከ ጋራዥ መንዳት እችላለሁ? እንደ አገር ቤት ቦሎ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነገርስ አለ?

መልስ 6፦ የሰፈር ጋራዥ

የሚለጠፍ የለም፤ ሁሉም በታርጋ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይታያል፣ የመንገድ ካሜራም ይለየዋል። ቀኑ ካለፈ መንዳት የምትችለው አስቀድመህ ወደ ያዝከው ቀጠሮ ወይም ወደምትጠገንበት ጋራዥ ብቻ ነው፤ የቀጠሮውን መልእክት ስልክህ ላይ ያዝ። መንገድህን ለገበያ ካጠፍክ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል።