የኅዳሩ የቢሾፍቱ ጉዞ፦ የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ክረምቱ ወጣ፣ ሳይክሎቻችንም ከተሰቀሉበት ይውረዱ። ባለፈው ስብሰባ የዓመቱ ትልቅ ጉዟችን ቢሾፍቱ እንዲሆን ተስማምተናል። እንዴት እንደምንሄድ ግን ገና አልተስማማንም። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። ያው ሐሳብ ከደብዳቤ ጋር ለትራፊክ ፖሊስም ይገባል። ስለዚህ እዚሁ እንጻፍ፣ እንከራከር፣ እናርም።

መነሻውን እኔ ላስቀምጥ። በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በዱከም አድርገን እንሄዳለን። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መንገዱ ለሳይክል ክልክል ስለሆነ እሱን እንተወው። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን። ምሳ ሐይቅ ዳር። ቀኑን፣ ፍጥነቱንና አመላለሱን እናንተ ሙሉት።

ወጣት አባል፦
ቀኑ ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሑድ ቢሆንስ? ሜዳው ሁሉ ያኔ አደይ አበባ ነው። ደግሞ ደርሶ መልስ ይሁን። በአንድ ቀን 90 ኪሎ ሜትር ነድቼ አላውቅም፣ ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነን። ሳይክል የወደድኩት ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲወዳደር ነው። እንደሱ እንሁን አልልም። ግን በዓመት አንድ ቀን አቅማችንን እንፈትሽ። ፈጣኖቹ ቀድመን እንውጣ፣ ሌላው በራሱ ፍጥነት ይምጣ፣ ሐይቁ ጋ እንገናኝ።

ጸሐፊ፦
ያ እሑድ አይሆንም። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት ቀን ነው። መንገዱ ለበዓሉ ታዳሚዎች ይለቀቅ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ደብዳቤው ተፈርሞ አይደርስልንም። ከአቃቂ በኋላ መንገዱ ኦሮሚያ ክልል ስለሚገባ ለሁለቱም ወገን መጻፍ አለብን። ታላቁ ሩጫ በኅዳር ነው፣ ከእኛም የሚሮጡ አሉ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ የሐይቅ ዳሩ ምሳም ለሁለት ይከፈላል። ይህን ሁሉ ሳየው የኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ነው የሚሻለው።

አንጋፋ አባል፦
ቀኑ ጥሩ ነው። አበባው ቢያመልጠንም የአድአ ጤፍ ያኔ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀናል። ከዱከም ወዲያ ግራና ቀኙን እያያችሁ ንዱ። በግራ የረር፣ በቀኝ ርቆ ዝቋላ ይታያችኋል። መኪና ውስጥ ሆናችሁ መቶ ጊዜ አልፋችሁት ይሆናል። በሳይክል ግን የእርሻው ሽታ ይደርሳችኋል፣ አጫጆቹም እጃቸውን ያነሱላችኋል። እኔን ከዚህ ማህበር ያላወጣኝ ይኼ ነው።

ደርሶ መልስ ስላልከው ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ ነው። ስትሄድ መሬቱ ራሱ ወደ ታች ይወስድሃል። ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ስትመለስ ያንን 400 ሜትር ትከፍለዋለህ፣ ያውም ምሳ በልተህ፣ በቀትር ፀሐይ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ለሽርሽር የወጣው መኪና ሁሉ በዚያው መንገድ ወደ ከተማ ይመለሳል። የደከመ ሰው መሪው ይዋልልበታል። የሲኖትራክ ጎን ደግሞ መዋለያ ቦታ አይደለም።

አቅምህን መፈተሽህን አልጠላም። እኛ ልጆች ሳለን የነገረመው ደንቦባ ስም ነበር የሚጠራው። አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትካፈል ሜልቦርን ከሄዱት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። ፍጥነት ክብር አለው። ግን የውድድርን ቀን ለውድድር፣ የማህበርን ቀን ለማህበር እናድርገው።

የጥገና ክፍል፦
ከፍጥነቱ በፊት ስለ ጎማ እንነጋገር። በዚያ መንገድ ጎማ የሚበሳው እሾህ ብቻ አይደለም። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይበታተንና መንገድ ዳር ይቀራል። እኛ ደግሞ የምንነዳው መንገድ ዳር ነው። ሽቦዋ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። ጎማው ውስጥ ተሰክታ ትቀራለች። ሰው ካላማዳሪውን (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ላስቲክ) ቀይሮ፣ ነፍቶ፣ ደስ ብሎት ይነሳል። ብዙ ሳይሄድ ይተነፍስበታል። ከዚያ ካላማዳሪውን ያማርራል። ስለዚህ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉት። ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ሽቦዋ አለች። በጣታችሁ አታድርጉት፣ ይቆርጣል።

ሁለተኛው ችግር ልካችን አንድ አለመሆኑ ነው። 26 አለ፣ 29 አለ፣ 700 አለ። የጓደኛህ መለዋወጫ ላንተ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ልክ ካላማዳሪ በኪሱ ይያዝ። ቀጭን ቫልቭ ያላችሁ ደግሞ ነዳጅ ማደያ እነፋለሁ ብላችሁ አትመኩ። የማደያው መንፊያ የመኪና ቫልቭ ነው የሚይዘው። ትንሿን መቀየሪያ ቀለበት ግዙ፣ ርካሽ ናት።

ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ትልቅ መንፊያ ከእኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሳይክሉን አምጥቶ ይታይ። ፍሬን የማይዝ ሳይክል እሑድ እንዲነሳ አልፈቅድም። በዚህ ላይ ብትቀየሙኝም ግድ የለኝም።

ሴት አባል፦
እኔ ባለፈው ዓመት ሰንዳፋ ስንሄድ የሆነውን ላንሳ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ዘንድሮ እንዳይደገም ብዬ ነው። ፈጣኖቹ ቀድመው ሄዱ። ከኋላ የነበረችው እህታችን ጎማዋ ተበሳ። መንፊያው ፊት ነው። ስልኳ ባትሪ ዘግቷል። አንድ የመንደር ልጅ ደርሶ እስኪረዳት ድረስ መንገድ ዳር ብቻዋን ቆመች። ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር አልወጣችም። ደውዬላት ነበር፣ ሳይክሏን ልትሸጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ማንም የሚያስተውለው አይመስለኝም። ፈጣኖቹ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ውኃ ይጠጣሉ፣ ሙዝ ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኛ እያለከለክን ስንደርስ "በቃ ሁሉም መጣ፣ እንሂድ" ይባላል። እንግዲህ አስቡት። ብዙ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ምንም አያርፍም። ትንሽ ማረፍ የሚበቃው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ሁሌም የሚደክሙት እነዚያው ሰዎች የሆኑት አቅም ስላነሳቸው ብቻ አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። የዕረፍት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲደርስና ከሳይክሉ ሲወርድ ይሁን። ይህች አንዲት መስመር ትጻፍ። ሌላው ሁሉ ቢለወጥ እስማማለሁ።

የማረፊያ ቦታ ስትመርጡም ሴቶች የምንጠቀምበት መጸዳጃ ያለበት ይሁን። አቃቂ ላይ አንድ፣ ዱከም ላይ አንድ በቂ ነው። ረጅም ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች ጠርዙን በላስቲክ እሰሩት፣ ሰንሰለት ይበላዋል።

አዲስ አባል፦
እኔም የማርፈው እንደዚያ ነበር። የእኔ ብቻ ችግር መስሎኝ ዝም አልኩ። የእህቴን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ነርስ አባል፦
በአጭሩ። ሄልሜት የሌለው አይሄድም። ጓንት ያድርጉ፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚላጠው መዳፉ ነው። ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን የተመታ ሰው ካለ አታንሱት፣ አታስቀምጡት። መኪና እንዳይደርስበት ከልላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

ባዶ ሆድ አትነሱ። መንገድ ላይ እጅ እግሩ ተንቀጥቅጦ የሚቀመጠው አብዛኛው ሰው ታሞ ሳይሆን ርቦት ነው። ከሁሉ የምወደው በሶ ነው። ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር በጥብጣችሁ በጠርሙስ ያዙ። ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
መመለሻውን በተመለከተ ከሁለት ሾፌሮች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሳይክሉን አይሱዙ ይጫነው። ሰው ግን አይሱዙ ላይ አይጫንም። የተከለከለ ነው፣ አደገኛም ነው። ስለዚህ ሚኒባስ መጨመር አለብን። ወጪው ከፍ ይላል፣ ቢሆንም ከማህበሩ ካዝና ግማሹን ብንሸፍን ቀሪው ለሁሉም የሚቻል ነው። ተማሪዎችን ነፃ እናድርግ እላለሁ። ጆንያ ያለው ሰው ያምጣ። በየሳይክሉ መካከል ካልገባ ፔዳሉ የጎረቤቱን ራጂ (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) ይሰብራል።

ወጣት አባል፦
የእህቴን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥላ ሥር ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ስንጠብቅ መልካም ያደረግን ነበር የሚመስለን። አሁን ገባኝ።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። መንፊያና መለዋወጫ የያዘው ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። እሱም ከመካከላችን ጠንካራው ይሁን። ሦስት ጊዜ ቆሞ ጎማ ቢሠራ እንኳ ተነስቶ መድረስ የሚችለው እሱ ነው። ደካማ ሰው ኋላ ብታስቀምጡ ግን ሲቆም ቆሞ ይቀራል። በየማረፊያው እንቀያየር። ፊት የሚመራውም ከ18 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። ቢሾፍቱ ከደረስን በኋላ ያልደከምን ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ዞር ብለን እንምጣ፣ ሌላው ይረፍ። ፍጥነቱን እዚያ እናወጣዋለን።

አንጋፋ አባል፦
ተባረክ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ያላሰብኩትን አሰብክ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ እስካሁን ከተባለው እንዲህ አርቅቄዋለሁ። አንብቡትና አርሙ።

"ማህበራችን በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ በድሮው መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ይጓዛል። ጉዞው ውድድር አይደለም። መሪው ከ18 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም። የጥገና ዕቃ የያዘ ጠንካራ አባል ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይሆናል፣ በየማረፊያውም ይለወጣል። ዕረፍት አቃቂና ዱከም ላይ ይደረጋል። እያንዳንዱ ዕረፍት 20 ደቂቃ ሲሆን የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከወረደበት ጀምሮ ነው። አባላት በአንድ ረድፍ ይነዳሉ። ጉድጓድ ወይም ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ያየ ጮኾ ለኋላው ያስተላልፋል። ሄልሜትና የራስ ልክ ካላማዳሪ ግዴታ ነው። ቅዳሜ ያልተፈተሸ ሳይክል እሑድ አይነሳም። ከምሳ በኋላ ሰው በሚኒባስ፣ ሳይክል በአይሱዙ ይመለሳል።"

በዚህ ፍጥነት ከዕረፍቱ ጋር ከ4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው እንደርሳለን ብዬ ነው ያሰላሁት።

ሴት አባል፦
ጥሩ ነው። "የማህበሩ ካዝና ግማሹን ይሸፍናል፣ ተማሪዎች አይከፍሉም" የሚለው ቀርቷል፣ ይግባ። የሰንዳፋዋን እህታችንን ደግሞ እኔ እደውልላታለሁ። ይህን ጽሑፍ ላነብላት ነው።

የጥገና ክፍል፦
ጎማ የተበሳበት ሰው ሙሉ በሙሉ ከአስፋልት ወርዶ ይሥራ የሚለውም ይጨመር። ረዳቶቹም ቢሆኑ ከሁለት አይብለጡ። አሥር ሰው መንገድ ላይ ከቦ ሲመክር መኪና ይመጣል።

ወጣት አባል፦
እስማማለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። በሳይክል መመለስ የሚፈልግ ቢያንስ አራት ሰው ከተገኘ፣ ምሳ ሳይጠብቅ 5 ሰዓት ላይ ተነስቶ ቢመለስ ይፈቀዳል?

አንጋፋ አባል፦
እኔ አልደግፍም። አብሮ የወጣ አብሮ ይግባ። ግን ብዙኃኑ ከፈቀደ አልከለክልም።

ሰብሳቢ፦
የክፍያውንም የጎማ ጥገናውንም ማሻሻያ አስገብቻለሁ። የሳይክል መመለሻው ጉዳይ በድምፅ ይለቅ። "ይፈቀድ" ወይም "አይፈቀድ" ብላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉ። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን ጸሐፊያችን ይዞ ይገባል። የፍሬን ጎማ ያለቀበት ሰው ካለ ከአሁኑ ለጥገና ክፍል ይንገር፣ መርካቶ አብረን እንግዛ።